የፍሬድሪክ ዳግላስን ግለ ታሪክ አጥንቶ መልስ ስለ መጻፍ

ከባርነት ያመለጠው የጥቁር አሜሪካዊው የፍሬድሪክ ዳግላስ የመጀመሪያ ግለ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1845 ቦስተን ውስጥ ታትሞ ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በደላዌር ግዛት በሚታተም ጋዜጣ ላይ የማስተባበያ ደብዳቤ ወጣበት። የደብዳቤው ጸሐፊ ኤ. ሲ. ሲ. ቶምፕሰን ይባላል። ቀደም ሲል የመጽሐፉ ታሪክ በተፈጸመበት በሜሪላንድ የኖረ፣ ዳግላስ በጭካኔያቸው የሚያነሣቸውን ባሪያ አሳዳሪዎች በጉርብትና የሚያውቅ ነጭ ነበር። ሰዎቹ ደጎችና ምግባረ መልካም ክርስቲያኖች እንደሆኑ መሰከረላቸው። ቀጥሎም በዚያን ጊዜ ፍሬድሪክ ቤይሊ ይባል የነበረውን ወጣት፣ በኪራይ ያሠራው በነበረው ገበሬ በኤድዋርድ ኮቪ ዘንድ ሳለ እንደሚያውቀው፣ ያልተማረና የተለየ ነገር የማይታይበት ተራ ባሪያ እንደነበረ፣ ስለዚህም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊጽፍ ከቶ እንደማይችል ገለጸ።

ዳግላስ በዚያን ጊዜ ብሪታንያ ነበር። የራሱን ማንነት፣ የጌቶቹን ስምና የኖረበትን ቦታ በመጽሐፉ ስለገለጠ፣ በሕግ ደግሞ ገና የጌታው የቶማስ ኦልድ ንብረት ስለነበረ፣ ታድኖ እንዳይመለስ ባሕር ተሻግሮ መቆየት ነበረበት። በጥር 1846 ከስኮትላንድ፣ ከፐርዝ ከተማ፣ ለቶምፕሰን የጻፈው መልስ ምስጋና ያለበት ነው። ይህ ሰው ባሪያ ሆኖ አያውቅም የሚሉ ብዙዎች ነበሩና፣ የባሪያ አሳዳሪዎቹ ወዳጅ ራሱ ወጥቶ ፍሬድሪክ ቤይሊ የሚባል ባሪያ እንደነበረ፣ ኮቪም ኦልድም በእርግጥ ያሉ ሰዎች እንደሆኑ መናገሩ ዳግላስ በራሱ ጥረት ሊያገኘው የማይችለውን ማስረጃ አስገኘለት። ስለ ችሎታው የተነሣውንም ጥርጣሬ በቁጣ አልመለሰውም። ከሰባት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይኖርሃል ቢሉት ኖሮ እርሱም እንደ ቶምፕሰን በተጠራጠረ ነበር፤ ቶምፕሰን የሚያውቀው ግን ባሪያውን ፍሬድሪክን እንጂ ነጻውን ፍሬድሪክን አይደለም። ዳግላስ ሁለቱንም ደብዳቤዎች በኋላ ደብሊን ውስጥ በታተመው እትም መጨረሻ ላይ አካተታቸው።

ይህን የደብዳቤ ልውውጥ ያስቀደምሁት እኔም መጽሐፉን ሳጠናና በጽሑፍ መልስ ስሰጥበት ስለቆየሁ፣ መልስ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ከየትኛውም መመሪያ ይልቅ ያስተማረኝም ይኸው ስለሆነ ነው። ስለ ዘር የተጻፈን ግለ ታሪክ አንብቦ መልስ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ሁለት የተለመዱ መንገዶች ይጠብቁታል። አንዱ የቶምፕሰን ነው፤ የተባለው ነገር በእርግጥ ተፈጽሟልን ብሎ ማጣራት። ሌላው የወዳጅ መንገድ ነው፤ ማመን፣ ማዘን፣ ለእውነተኛነቱ መመስከር። ሁለቱም ደራሲውን ችሎት ፊት እንደሚቆም ምስክር ያደርጉታል፤ አንደኛው ቃሉን ይጥላል፣ ሁለተኛው ይቀበላል። ለእኔ ግን ዳግላስ ከሁሉ አስቀድሞ ጸሐፊ ነው፤ የሚገባውም መልስ ለጸሐፊ የሚሰጠው ዓይነት መልስ ነው። ይህን ለምን አስቀደምህ? ያንን ለምን በሁለት መስመር አለፍኸው? ይህን ደግሞ ለምን ጨርሶ ተውኸው? ብሎ መጠየቅ ማለቴ ነው።

የወዳጅ መንገድ ምን ያህል ጠባብ ሊሆን እንደሚችል መጽሐፉ ራሱ ያሳያል። አንባቢ ከዳግላስ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከመድረሱ በፊት የዊልያም ሎይድ ጋሪሰንን መቅድምና የዌንደል ፊሊፕስን ደብዳቤ ያገኛል። ሁለቱም ባርነትን ሲታገሉ የኖሩ ነጮች ናቸው፤ ውለታቸውም የሚካድ አይደለም። ሆኖም መቅድሙ መጽሐፉን ዳግላስ ራሱ እንደጻፈውና ምንም እንዳልተጋነነ ለነጭ አንባቢ ዋስ የሚሆን ጽሑፍ ነው። በርዕሱ ገጽ ላይ "በራሱ የተጻፈ" የሚል መጨመሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ1855 ባሳተመው ሁለተኛ ግለ ታሪኩ እንደሚነግረን፣ በየመድረኩ ሲናገር የትግል ጓዶቹ አንተ ድርጊቱን ተርክ፣ ፍልስፍናውን ለእኛ ተወው ይሉት ነበር፤ ንግግሩም ትንሽ የባሪያ አነጋገር ለዛ ቢኖረው የበለጠ እንደሚታመን ይመክሩት ነበር። እርሱ ግን በደልን መተረክ ብቻ አላረካውም፤ ማውገዝና ማሰብም ፈለገ። የዚያን ሁለተኛ መጽሐፍ መግቢያ የጻፈው ጄምስ ማኪዩን ስሚዝ ነው፤ ስኮትላንድ ሄዶ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠና ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም። በዐሥር ዓመት ውስጥ የመግቢያው ጸሐፊ መቀየሩ ለእኔ የኅትመት ዝርዝር ብቻ አይደለም። አንባቢ እንዴት ያሳዝናል ብሎ ጽፎ ብዕሩን ሲያስቀምጥ፣ ሳይታወቀው ድርጊቱን ብቻ ተርክልን ካሉት ወዳጆች ጎን ይሰለፋል።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ረዘም አድርጌ ልቁም። ዳግላስ በአምስተኛው ምዕራፍ በኮሎኔል ሎይድ እርሻ ያሳለፈውን ልጅነት ይተርካል። በጋም ይሁን ክረምት የሚለብሰው እስከ ጉልበቱ የምትደርስ አንዲት ሻካራ ሸሚዝ ብቻ ነበረች፤ ሱሪም ጫማም አልነበረውም። ብርዱ ሲጠና በቆሎ ወደ ወፍጮ የሚወሰድበትን ጆንያ ይሰርቅና ራሱን ወደ ውስጥ አግብቶ፣ እግሮቹን ውጭ ትቶ፣ እርጥብ የጭቃ ወለል ላይ ይተኛ ነበር። ከዚህ በኋላ እግሮቹ በውርጭ ክፉኛ ስለተሰነጠቁ አሁን የሚጽፍበት ብዕር በስንጥቆቹ ውስጥ ሊጋደም እንደሚችል ይናገራል።

የስንጥቁን ስፋት በጣት ወይም በሳንቲም ሊለካው ይችል ነበር፤ በብዕር ለካው። ልጁ ብዕር አልነበረውም፤ ፊደልም አያውቅም ነበር። ብዕሩ ያለው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ማሳቹሴትስ ተቀምጦ በሚጽፈው ሰው እጅ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቁስሉና ቁስሉን የሚናገረው መሣሪያ ጎን ለጎን ተጋደሙ፤ ያለፈው ጊዜና አሁን የሚለው ቃል ተገናኙ። አንዲት የብሶት ቃል የለችበትም። አንባቢው እያዘነ ሳለ፣ ብዕሩን የያዘው ማን እንደሆነ በጸጥታ ይነገረዋል። ቶምፕሰን ሊጽፍ አይችልም ብሎ ከመነሣቱ ወራት አስቀድሞ መልሱ እዚያች መስመር ላይ ተቀምጦ ነበር። በራሴ ጽሑፍ ውስጥ ለዚህ ዓረፍተ ነገር ሙሉ ገጽ ሰጥቼዋለሁ፤ ከመጽሐፉ ሁሉ አንድ መስመር ምረጥ ብባል የምመርጠውም እርሱን ነው።

በሁለተኛው ምዕራፍ ስለ ባሪያዎች ዘፈን የጻፈው ደግሞ መልስ ሰጪው ራሱ የት እንደቆመ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ወርኃዊ ቀለብ ለመቀበል ወደ ዋናው እርሻ የሚላኩት ባሪያዎች ጥቅጥቅ ባለው ጫካ ውስጥ እየዘፈኑ ያልፋሉ። ዳግላስ ወደ ሰሜን ከመጣ በኋላ ይህን ዘፈን የደስታና የእርካታ ምልክት አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አጋጥመውት እጅግ ገርሞታል፤ ባሪያ አብዝቶ የሚዘፍነው አብዝቶ ሲከፋው ነውና። ይህን ብሎ ቢያበቃ ኖሮ የውጭ ሰው አይገባውም የሚል ቀላል ነገር ይሆን ነበር። እርሱ ግን ባሪያ ሳለ የእነዚያ ዘፈኖች ጥልቅ ትርጉም ለራሱም እንዳልገባው ይጨምራል፤ በክቡ ውስጥ ስለነበረ በውጭ ያሉት እንደሚያዩትና እንደሚሰሙት ሊያይና ሊሰማ አልቻለም። መረዳት የመጣለት በውስጡ ከነበረ በኋላ ወጥቶ፣ ዞሮ ሲያዳምጠው ነው።

ስለዚህ መከራውን መኖር ብቻውን እውቀት አይሆንም፤ ከሩቅ መቆምም ብቻውን ሚዛናዊነት አይሆንም። እኔ ያልኖርሁበት ስለሆነ ምንም የምለው የለኝም የሚል መልስ ትሕትና ይመስላል፤ በተግባር ግን መጽሐፉን ከድኖ ማስቀመጥ ነው። የሰው መከራ ሁሉ አንድ ነው የሚለው ደግሞ ሳይጋበዝ ወደ ክቡ ዘሎ መግባት ነው። ዳግላስ ለሁለቱም ቦታ አልተወም። የባርነትን ውጤት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቀለብ በሚታደልበት ቀን ወደ ኮሎኔል ሎይድ እርሻ ሄዶ፣ በጥዱ ጫካ ውስጥ ቆሞ፣ በዝምታ ድምፆቹን ይመርምር ይላል። ለውጭ ሰው የሰጠው ሥራ ይህ ነው፤ ከባድ ሥራ ነው፣ ግን ሥራ ነው። መልስ በምጽፍበት ጊዜ የያዝሁት ቦታም ከዚያ ጫካ ብዙ የራቀ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ።

በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ስላለው የአክስቱ የሄስተር ግርፋት ብዙ አልልም። ሳይዲያ ሃርትማን የተባለችው አሜሪካዊት ምሁር በ1997 ባሳተመችው ጥናት ያን ትዕይንት ላለመድገም መርጣለች፤ የጥቁር ሰው ሥቃይ በየጽሑፉ እየተጠቀሰ ሲደጋገም ሰውን ማደንዘዙንና መመልከቻ መሆኑን ስለምትቃወም ነው። እኔም በመልሴ ውስጥ ግርፋቱን አልገለጽሁትም። የጻፍሁት ስለ ልጁ ነው። እስከዚያ ቀን ከአያቱ ጋር ከእርሻው ዳር ይኖር ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው ብሎ ፈርቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደበቀ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ ብዙ ቆይቶ ካልሆነም ለመውጣት አልደፈረም። ዳግላስ የግፉን ማዕከል ያደረገው አካሏን ነው፤ ትዕይንቱን ማን እንዳየው ግን አልደበቀንም፣ እኔም ያንን ተከተልሁ።

ከሁሉ አብልጦ ያሠራኝ ግን ስለ እናቱ የጻፈው ነው። በ1845ቱ መጽሐፍ እናቱ ሃሪየት ቤይሊ በጥቂት አንቀጽ ታልፋለች። ገና ሕፃን ሳለ ለይተዋቸው ነበር፤ እርሷ ከሩቅ እርሻ ትሠራ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ ሌሊት ወደ 12 ማይል በእግሯ ተጉዛ ትመጣና አጠገቡ ተኝታ ታስተኛዋለች፤ ሲነቃ ግን ሄዳለች። በሕይወቱ ያያት አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው፣ ሁሉንም በሌሊት። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተች፤ የሞቷን ወሬ ሲሰማ የተሰማው አንድ የማያውቀው ሰው ሲሞት ከሚሰማው ብዙ የተለየ እንዳልነበረ ጻፈ። አንባቢን የሚያስበረግግ ቅዝቃዜ ነው።

በ1855ቱ መጽሐፍ ያችው እናት ሌላ ሴት ሆና ትመጣለች። ከቲ የምትባለው ምግብ አብሳይ ልጁን ቀኑን ሙሉ በረሃብ ስትቀጣው ውላ ሳለ እናቱ ድንገት ደረሰች። አብሳይዋን አጥብቃ ገሠጸቻትና የልብ ቅርጽ ያለው የዝንጅብል ኬክ ሰጠችው፤ በጭኗ ላይ ተቀምጦ በላ። በዚያች ሌሊት ልጅ ብቻ ሳይሆን የሆነ ሰው ልጅ እንደሆነ አወቀ። ሌላም ነገር ይጨምራል፤ እናቱ ማንበብ ትችል እንደነበረ ከሞተች በኋላ መስማቱን። ለንባብ ያለውንም ፍቅር ነጭ ነው ከሚባለው አባቱ ሳይሆን ከጥቁሯ እናቱ የተፈጥሮ ተሰጥኦ እንዳገኘው በደስታ እንደሚቀበል ይናገራል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ነው እውነቱ ብሎ መጠየቅ ወደ ቶምፕሰን መንገድ መመለስ ነው። እኔ የምጠይቀው እያንዳንዱ ለማን እንደተጻፈ ነው። የመጀመሪያው የሚያረጋግጠው ባርነት ልጅን ከእናቱ ሲለይ ፍቅር የሚበቅልበትን መሬት ጭምር እንደሚወስድ ነው፤ የልጁ ቅዝቃዜ ራሱ የክሱ ማስረጃ ነው፣ እዚያ ላይ ኬክ ቢጨመር ክሱ ይላላ ነበር። በዐሥር ዓመት ውስጥ ግን የዳግላስን አንደበተ ርቱዕነት ሲሰሙ ይህ የነጭ ደም ውጤት መሆን አለበት የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው መጽሐፍ ለእነርሱ የሚሰጥ መልስ ነው፤ እናቱን ለእርሷ ሲል ብቻ ሳይሆን በዘር ላይ ለሚደረገው ክርክርም ጠራት። ይህን ስል ትዝታው ለክርክር ተፈበረከ ማለቴ አይደለም። ሰው ብዙ ትዝታ አለው፤ የትኛውን መቼ እንደሚያወጣ የሚወስነው ደግሞ ፊቱ የቆመው ጠያቂ ነው። ዳግላስ ለራሱ መጽሐፍ በጽሑፍ መልስ የሰጠ የመጀመሪያው ከባድ አንባቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያልጻፈውም ነገር እንደጻፈው ያህል የታሰበበት ነው። በመስከረም 3 ቀን 1838 ከባልቲሞር እንዴት እንዳመለጠ በመጀመሪያው መጽሐፍ አይገኝም፤ የረዱትን ሰዎች ላለማጋለጥና ለባሪያ አሳዳሪዎች መንገዱን ላለማሳየት ሲል እንደሚተወው በግልጽ ይናገራል። የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የነጻ ጥቁር መርከበኛ ወረቀት ይዞ፣ በባቡር እንደወጣ በመጽሐፍ የገለጠው በ1881 ነው፤ ባርነት ከቀረ ከብዙ ዓመት በኋላ። የታሪኩን እጅግ አጓጊ ክፍል ጓጉቶ ከሚጠብቀው አንባቢ ነፍጎ፣ እንደነፈገውም ነግሮት፣ ምክንያቱንም ሰጥቶ መሄድ ትልቅ የጽሕፈት ሥልጣን ነው። ድርጊቱን ብቻ ተርክ ተብሎ የተነገረው ሰው የትኛውን ድርጊት እንደሚተርክ ራሱ ወሰነ።

ስለ አሠራሬ ጥቂት ልበል። መጀመሪያ በኅዳጉ ላይ ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ፤ አስተያየት አልጽፍም። ከዚያ ጥያቄዎቹ የተከማቹበትን ገጽ መርጬ ስለዚያ ገጽ ብቻ እጽፋለሁ፤ ስለ ዘረኝነት በጠቅላላው የሚናገር አንቀጽ ሲመጣብኝ ወደ ገጹ እመለሳለሁ። ዳግላስ ራሱ መጻፍን የተማረበት ሁኔታ ለዚህ ልብ ይሰጠኛል። በባልቲሞር የመርከብ መሥሪያ ውስጥ አናጢዎች እንጨቱ በመርከቡ በየትኛው ጎን እንደሚገባ ለመለየት ምልክት ይጽፉበታል፤ ለግራው ጎን ኤል፣ ለቀኙ ኤስ። ከእነዚያ ጥቂት ፊደሎች ተነሣ። ከእናንተ እኩል መጻፍ እችላለሁ እያለ የነጭ ልጆችን እያፎካከረ የሚያውቁትን እንዲያሳዩት አደረገ፤ ወረቀቱ አጥርና የጡብ ግድግዳ ነበር፣ እርሳሱም ጠመኔ። በመጨረሻም እመቤቲቱ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ስብሰባ ስትሄድ የጌታው ልጅ የጨረሰውን የመልመጃ ደብተር ያወጣና በመስመሮቹ መካከል በተረፈው ባዶ ቦታ፣ ልጁ የጻፈውን እየገለበጠ፣ ጽሕፈቱ የልጁን እስኪመስል ድረስ ይጽፍ ነበር። ገጹን በጥንቃቄ እየተከተሉ መጻፍ አንባቢን የሚያሳንሰው እንዳልሆነ ከዚህ ተማርሁ።

አሁን የምጽፈው ስለ አና መሪ ነው። ዳግላስ ሲያመልጥ በባልቲሞር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ነጻ ሴት ነበረች፤ ኒው ዮርክ ተከትላው መጥታ ተጋቡ። በ1845ቱ መጽሐፍ ግን ያላት ቦታ የጋብቻው የምስክር ወረቀትና ነጻ እንደነበረች የሚናገር አጭር ማስታወሻ ያህል ነው። በ1900 ልጃቸው ሮዜታ ዳግላስ ስፕራግ ስለ እናቷ አንድ ጽሑፍ አቀረበች። የአባቷን የነጻነት ናፍቆት ሁሉም እንደሚያውቀው ትናገርና ያ ታሪክ እውን የሆነው በአና መሪ የማይናወጥ ታማኝነት እንደሆነ ትገልጻለች። እናቷ ለማምለጫው ወጪ ከላባ ፍራሾቿ አንዱን መሸጧን፣ አባቷ ብሪታንያ ሳለም ማሳቹሴትስ ውስጥ ሊን በምትባል ከተማ ጫማ እየሰፋች ቤቱን መያዟን የምናገኘው እዚያ ነው። ሮዜታ አባቷን አላስተባበለችም፤ ዋስም አልሆነችለትም። እርሱ በሁለት መስመር ያለፈውን ቦታ አገኘችና ከዚያ መጻፍ ጀመረች። የእርሷን ጽሑፍ ከአባቷ አሥራ አንደኛ ምዕራፍ ጋር እያስተያየሁ ነው፤ ጥያቄዎቹ ኅዳጉን እየሞሉት ነው።